ለሌለች አምላክ ብራና መፋቅ፦ የሥራ ማስታወሻ

ኅዳር 8፣ እሑድ ማታ

እሑድ እሑድ ማታ አምስት ሆነን ማራኪ በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ቤት እንሰበሰባለን። ቡና ይፈላል፣ ዳይስ ይወረወራል፣ ለሁለት ለሦስት ሰዓት ያህል ጎንደርን ትተን ሰባት በር በምትባል ከተማ እንኖራለን። ሰባት በርን የፈጠርኳት እኔ ነኝ። የሚና ጨዋታ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ሆኖ ይናገራል። እኔ አጫዋቹ ደግሞ የቀረውን ሁሉ እሆናለሁ፦ ንጉሡን፣ ዘበኛውን፣ ዝናቡን፣ አንዳንዴም አህያውን።

ከተማዋ ገበያ አላት፣ ወንዝ አላት፣ ጉቦኛ ቀራጭም አላት። የጦርነት አምላክ ስፈጥርላት አንድ ምሽት አልፈጀብኝም። ጎራዴ፣ ከበሮ፣ ደም፣ አለቀ። የምሕረት አምላኳ ግን ይኸው ሦስተኛ ወሯን ያዘች፣ አሁንም ቅርጽ አልያዘችም።

ችግሩ ዛሬ ግልጽ ሆነ። ከተጫዋቾቹ አንዷ ነርስ ናት። ሌላው ባጃጅ ይነዳል። አንዷ ሕግ ትማራለች። የአክስቴ ልጅ ደግሞ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነው፣ ጎራዴ ካልተመዘዘ አይጫወትም። ዛሬ እሱ ቆሰለና ተሸክመው ወደ ምሕረት ቤተ መቅደስ ወሰዱት። ካህናቷ እጃቸውን ጫኑበት፣ ዳነ፣ ወጡ። ነርሷ በረጅሙ ተነፈሰች።

«ቀኑን ሙሉ ጤና ጣቢያ ውዬ ማታ ደግሞ ጤና ጣቢያ?»

እውነቷን ነው። ምሕረት ብዬ የሠራሁት የቁስል ማከሚያ ነው። በእርግጥ ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም፣ አማርኛችንም ይገፋፋል። የታመመን «እግዜር ይማርህ» እንላለን። ላስነጠሰው «ይማርህ» ይባላል፣ «ያኑርህ» ብሎ ይመልሳል። የበደለንም «ማርኩህ» ነው የምንለው። አንድ ግስ በሽታንም በደልንም ተሸክሟል። እኔ ቀላሉን ይዤ ሄጄ ነበር።

ስለዚህ ከባዶ እጀምራለሁ። በወረቀት ብቻም አይሆንም። የዚህችን ሃይማኖት መጽሐፍ በእጄ፣ በብራና ሠርቼ ጠረጴዛው ላይ ላስቀምጠው ወስኛለሁ። የሚዳሰስ ነገር ሲኖር ሰው ቀልዱን ይቀንሳል።

ኅዳር 10

ከሥራው በፊት የተከለከሉ ቃላት ዝርዝር አወጣሁ። የምኖረው «አርባ አራቱ ታቦት» በምትባል ከተማ ነው። እዚህ ምሕረትና ሴት የሚሉት ቃላት አንድ ላይ ሲነሱ ሰው ሁሉ አእምሮው የሚሄደው ወደ አንድ ቦታ ነው፦ ወደ ኪዳነ ምሕረት። የእመቤታችንን ስም ለዳይስ ጨዋታ ማዋስ አልፈልግም። ስለዚህ «አዛኝቷ» የለም። «ኪዳን» የለም። «እመቤት»፣ «ድንግል»፣ «እመ ብርሃን» የሉም። ታቦት፣ ማኅሌት፣ ጽናጽል የሉም። የኛ የሆነውን ከኛ ሳልወስድ፣ ግን የኛ ሰው የሚገባው ነገር መሥራት አለብኝ።

የመጀመሪያ ስሟን «ማሪት» አልኳት። «ማሪ» ከሚለው። የጎንደር ልጅ ነኝና ቅኔ ባልችልም ሰምና ወርቅ ያምረኛል። «ማር» ስትል የንቡም ማር ነው፣ «ይቅር በል» የሚለውም ትእዛዝ ነው። መሥዋዕቷ ማር ይሁን፣ እንስሳዋ ንብ ትሁን አልኩ። ድርቡሽ በ1880 ጎንደርን ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን ያዳነው የንብ መንጋ ነው እየተባለ ያደግን ሰዎች ነን። ንብ ለኛ የምትጣፍጥም የምታባርርም ናት።

ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። ከዚያ ጎረቤታችን ማሪቱ መሆኗ ትዝ አለኝ። እሷ ደግሞ የተበደረ ሰው አንድ ቀን ካሳለፈ ሰፈር የምትሰበስብ ሴት ናት። ስሙ ተሰረዘ። ንቧም አብራ ሄደች፣ ለሌላ ታሪክ ትቆየኝ።

ኅዳር 14

ሌሎች አገሮች እንዴት አድርገውት ይሆን ብዬ ሳነብ አመሸሁ።

ቻይናዎች ጓንዪን አለቻቸው። ሙሉ ስሟ ሲፈታ «የዓለምን ጩኸት የምትመለከት» እንደማለት ነው። ከሕንድ በቡድሂዝም በኩል ስትመጣ ወንድ ነበረች፣ ስሟም አቫሎኪቴሽቫራ። ቻይና ውስጥ በዘመናት ብዛት ሴት ሆነች። ጃፓን ስትገባ ካኖን ተባለች። በ1934 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንድ የጃፓን ድርጅት የመጀመሪያ የሙከራ ካሜራውን በስሟ «ክዋኖን» አለው፣ ቆይቶም ካኖን ሆነ። ስለዚህ ፒያሳ ላይ ሙሽራ የሚያነሱት ልጆች አንገታቸው ላይ የምሕረት አምላክ ስም አንጠልጥለው ነው የሚዞሩት። ይህን ለባጃጅ ነጂው ስነግረው አንድ ሰዓት ሙሉ ሳቀ።

ሮማውያን ደግሞ ክሌሜንትያ ነበረቻቸው። እሷ ሌላ ናት። የአሸናፊ ምሕረት ናት፣ ከላይ ወደ ታች የምትወርድ። ሴኔቱ «ለቄሣር ክሌሜንትያ» ቤተ መቅደስ እንዲሠራ ወስኖ ነበር። ቄሣር ምሮ ሹመት ከሰጣቸው ሰዎች መካከል ብሩቱስና ካሲየስ ነበሩበት። መጨረሻው ይታወቃል፣ ከገደሉት መካከል እነሱው ነበሩ።

የመጀመሪያዋ ትሰማለች። ሁለተኛዋ ከዙፋን ትሰጣለች። እኔ የምፈልገው ሁለቱንም አይደለም። የምፈልገውን ግን ገና አላወቅኩትም።

ኅዳር 20

ቀለም ጀመርኩ። ቆዳ ማግኘት አይታሰብም። ጾም ገብቷል፣ ሰፈሩ ውስጥ የሚያርድ የለም። ቀለሙ ግን ጊዜ ስለሚፈልግ ይቅደም አልኩ።

ከእማዬ ምጣድ ሥር ጥላሸት ፋቅሁ። ገብስ እስኪጠቁር ቆልቼ ወቀጥኩ። የግራር ሙጫ ከቅዳሜ ገበያ ገዛሁ። ሦስቱን አደባልቄ በውኃ አሸሁና አሮጌ ገንቦ ውስጥ አስቀመጥኩት። በየቀኑ ይማሰላል። እማዬ ገንቦውን ከፍታ አሸተተችና «ይኼ ለማን ነው? ለሰው እንዳይሆን ብቻ» አለችኝ።

ኅዳር 29፣ እሑድ ማታ

ዛሬ የመጀመሪያውን ሥርዓት ሞከርኩ። ክፉኛ ወደቀ። በዝርዝር ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሁሉ ነገር የተበላሸው እዚህ ነው፤ ኋላ ሳስበው የተቃናውም።

በአገራችን በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ «ማሩኝ» ይላል። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ሰውየው ድንጋዩን አንገቱ ላይ አድርጎ ይንበረከካል፣ ተበዳይ «ተነሥ» ሲለው ያወርዳል። እኔ ገለበጥኩት። በሰባት በር ድንጋዩን የሚሸከመው ተበዳይ ይሁን አልኩ። ቂም ከባድ ነው፣ ይቅር ስትል ይወርድልሃል። ሐሳቡ ሲመጣልኝ ራሴን ጀግና አድርጌ ነበር። ጭራሽ ከቀሃ ወንዝ ዳር አራት ኪሎ የሚሆን ጥቁር ድንጋይ ተሸክሜ አምጥቻለሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። የነርሷ ገጸ ባሕርይ ወንድም ነበራት። ታንኳ ቀዛፊው ጉቦ በልቶ ገመዱን ቆረጠ፣ ወንድሟ ወንዙ ውስጥ ቀረ። ቀዛፊው ሸሽቶ ቤተ መቅደሱ ገባ። እሷ ተከትላው መጣች። እኔ የካህኗን ድምፅ አወፍሬ «ልጄ ሆይ፣ እስክትምሪው ድረስ ይህን ተሸከሚ» አልኩና እውነተኛውን ድንጋይ እፊቷ አስቀመጥኩ።

ድንጋዩን አየችው። እኔን አየችኝ። እርሳሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ወንድሜን የገደለው እሱ። ድንጋይ የምሸከመው እኔ?»

«አይ፣ ምሳሌ ነው እኮ፣ ቂሙ ማለት...»

«ቂም አይደለም። ወንድሜ ነው።»

ባጃጅ ነጂው «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» ብሎ ቡናውን ጠጣ። የሕግ ተማሪዋ ደግሞ ገባችበት። በሕግ ይቅርታና ምሕረት አንድ አይደሉም አለች። ይቅርታ ተፈርዶበት ላለ ሰው ነው፣ ቅጣቱን ያስቀርለታል ወይም ይቀንስለታል። ምሕረት ግን ጥፋቱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርገዋል፣ ፍርድም ሳይሰጥ ሊመጣ ይችላል። «ሁለቱንም የሚሰጠው መንግሥት ነው። ተበዳይ ፊርማ የለውም። እሱም ቢሆን ገደብ አለው፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል በምሕረትም በይቅርታም አይታለፍም። ያንተዋ አምላክ ግን ገደብ የላትም። በሰው ቁስል ላይ ቸር ናት።»

በሰው ቁስል ላይ ቸር። ይህን ደብተሬ ላይ ጽፌ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩ።

ጨዋታው በጊዜ ተበተነ። ድንጋዩ አሁን በር እንዳይዘጋ ይይዛል።

ታኅሣሥ 5

ከጃን ተከል ዋርካ ተነሥቼ ወደ እጨጌ ቤት በእግሬ ወረድኩ። ሥራ ስለሌለኝ አይደለም፣ ሳልራመድ ማሰብ ስለማልችል ነው።

እጨጌ ቤት ዛሬ እንደማንኛውም ሰፈር ነው። ልብስ ተሰጥቷል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ አንድ ጄነሬተር ይጮኻል። በነገሥታቱ ዘመን ግን የመነኮሳቱ አለቃ የእጨጌው መቀመጫ ስለነበር መማጸኛ ነበር። ከንጉሥ የተጣላ፣ ደም ያለበት፣ ዕዳ ያባረረው ሰው እዚያ ከገባ አይነካም። ቤተ መንግሥቱ ያለው እዚሁ ጥግ ነው። አፄ ፋሲል በ1628 ከተማዋን መናገሻ ካደረጓት ወዲህ የጎንደር ንጉሥ በግንቡ ላይ ቆሞ እጁ የማይደርስበትን ሰፈር በዓይኑ ማየት ይችል ነበር። ይህ ነገር ደስ ይለኛል።

ልጆቹን እያየሁ ቆሜ አንድ ነገር ገባኝ። እጨጌ ቤት የገባ ሰው አልተማረም። ደሙም ዕዳውም እዚያው ነው። የተሰጠው ቀን ብቻ ነው። ዛሬ አትሞትም፣ እስኪ ነገን እንይ። ሽማግሌ የሚላከው፣ ቁጣ የሚበርደው፣ ካሣ የሚቆጠረው በዚያ ቀን ውስጥ ነው።

ስለዚህ የኔዋ አምላክ ይቅር አትልም። መብቱም የላትም፣ የተበደለችው እሷ አይደለችም። የምትሰጠው ጊዜ ነው። በአሳዳጁና በተሳዳጁ መካከል እጇን ዘርግታ «ቆይ» ትላለች።

ስሟንም አገኘሁት። ቆይታ።

ማታ በስልክ ለባጃጅ ነጂው ነገርኩት። «‹ቆይ› የምትል አምላክ?» አለ። «እንግዲያው የኛ አገር ቢሮ ሁሉ ቤተ መቅደሷ ነው።»

ታኅሣሥ 20

ሁለቱ ቀሩ፣ ጨዋታ የለም። ቀለሙ ሻገተ። ሻጋታውን ገፍፌ ማማሰሌን ቀጠልኩ።

ጥር 1

ገና አለፈ፣ ቆዳ ተገኘ። ድሮ በበዓል ማግስት «ቆዳ! ቆዳ ያለው!» የሚል ሰው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነበር ሰፈሩን የሚዞረው። አሁን ዋጋው ስለወደቀ ሰው ከግቢ ማስወጣቱ ራሱ ጣጣ ሆኖበታል። ጎረቤታችን የፍየሏን ቆዳ በነፃ ሰጠችኝ። በነፃ ብቻም አይደለም፣ አመሰገነችኝ። (አዎ፣ ማሪቱ ናት። ስሟን ስለሰረዝኩ ትንሽ አፈርኩ።)

ብራና እንዴት እንደሚፋቅ ያስተማሩኝ አንድ መሪጌታ ናቸው። ቁም ጸሐፊ ነበሩ፣ አሁን ዓይናቸው ደክሟል። ለምን እንደፈለግኩት አልዋሸኋቸውም። ለጨዋታ የሚሆን የተረት መጽሐፍ ነው አልኳቸው። አሰቡና «ተረት ከሆነ ተረት ነው። ፊደሉን ብቻ እንዳታበላሽ» አሉኝ።

ቆዳው በርሜል ውስጥ ተነክሯል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር አንድ በርሜል ውኃ ለፍየል ቆዳ መስጠት ምን ያህል እንዳስወደደኝ እማዬን ጠይቋት።

ጥር 5

ከአጠና አራት ማዕዘን መወጠሪያ ሠራሁ። የቆዳውን ዳርና ዳር በወስፌ በስቼ ገመድ አሳለፍኩበትና ወጠርኩት። መሪጌታ እንዳሉት ገመዱን በየጊዜው ማጥበቅ ነው፣ ልክ እንደ ከበሮ። ከዚያ የሥጋው በኩል በቢላ ይፋቃል። ስቡ ይወርዳል፣ ስስ ሽፋኑ እየተላጠ ይመጣል። ሽታውን አልጽፈውም።

ሁለት ሰዓት ያህል ጥሩ ሄደ። ከዚያ ሆዱ አካባቢ፣ ቆዳው በሚሳሳበት በኩል ቢላው ሾለከ። ቀዳዳው ሲጀምር የምስር ፍሬ ነበር። ግን ቆዳው ተወጥሯል። እያየሁት ባቄላ አከለ። ገመዱን ለማላላት ስሮጥ እንቁላል አከለ፣ ጫፍና ጫፉ ሾጠጥ ያለ ንጹሕ እንቁላል፣ በውስጡ የእማዬ ጎመን ይታያል።

ለመሪጌታ ደወልኩ። ሳቁ። «የድሮዎቹን መጻሕፍት ግለጥና እይ፣ ቀዳዳ የሌለው ስንቱ ነው? ትሰፋዋለህ። ካልተሰፋልህ ዙሪያውን ትጽፋለህ።»

ሰፋሁት፣ ከፊሉን። ከፊሉ እንደ ዓይን ክፍት ቀረ።

ጥር 9

ሥጋው በኩል ደርቋል፣ በሻካራ ድንጋይ ታሽቷል። ዛሬ ጠጉሩን ጀመርኩ። በትንሽ መጥረቢያ ነው፣ እየላጩ። አሥር ጊዜ ትልጫለህ፣ የመዳፍ ያህል ነጭ ይወጣል። ክንዴ ዛለ። ፀጉር አፌ ውስጥ፣ ሻይ ውስጥ፣ አልጋ ላይ።

እየላጨሁ ሳለ፣ ለኔ የዚህ ሁሉ ሥራ እንብርት የሆነው ነገር መጣ። ታኅሣሥን ሙሉ ያልመለስኩት ጥያቄ ነበር፦ ቆይታ የምትሰጠው ጊዜ ስንት ቀን ነው? ሰባት? አርባ? የትኛውንም ቁጥር ስጽፈው የመንግሥት መመሪያ ይመስላል። ኦሪት ላይ ባለ መማጸኛ ከተማ ሳያስብ የገደለ ሰው ሊቀ ካህናቱ እስኪሞት ይቀመጣል። እሱ ጥሩ ነው፣ ቁጥር የለውም። ግን ተማጻኙ ምን እየሠራ ነው የሚቀመጠው?

ቆዳ እየፋቀ።

ሰባት በር ውስጥ ወደ ቆይታ ደጅ የሚሸሽ ሰው ጥሬ ቆዳ ይሰጠዋል። ብራና እስኪሆን ድረስ ማንም አይነካውም። ከፈጠነ ይቀደድበታል። ካዘገየ ይሸታል፣ ይበሰብሳል፣ ጊዜውም ያልቃል። ተበዳይ በፈለገችበት ሰዓት መጥታ ቁጭ ብላ ልታየው ትችላለች። መናገር የለባትም። ብራናው ሲያልቅ ብዕሩ ለሷ ይሰጣል። የፈለገችውን ትጽፍበታለች። ባዶም ልትተወው ትችላለች። የሃይማኖቱ መጽሐፍ የነዚህ ገጾች ጥራዝ ነው፣ ሌላ ቅዱስ ቃል የለውም። ባዶዎቹም አብረው ይጠረዛሉ።

መጥረቢያውን አስቀምጬ ደብተር ፍለጋ ሮጥኩ። ደብተሩ ላይ አሁንም ጠጉር አለ።

ጥር 12

ከተራ፣ ጥምቀት፣ ሚካኤል። ከተማው በእንግዳ ሞልቶ ነበር። ሁለት ሌሊት ፋሲል መዋኛ ዳር አድሬ ድምፄ ተዘግቷል። ብራናው ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲሞቅ ከረመ። ማንም አልሰረቀውም፣ ቁራ እንኳ ንቆታል።

ጥር 19

ብራናው ተቆርጦ አራት ቅጠል ወጣው። መስመሩ በቀለም አይሰመርም። ዳርና ዳሩን በወስፌ ትበሳለህ፣ ከዚያ በደነዘ ጫፍ ትጭረዋለህ፣ ፊደሉ በጭረቱ ላይ ይቆማል። ብርዑን ከመቃ ቀረጽኩ። በደንብ ሲቀረጽ እየጮኸ ይጽፋል፣ ደስ የሚል ጩኸት ነው።

ቀለሜ ግን ውኃ ሆነ። መሪጌታ ገና ልጅ ነው አሉት፣ ወራት ይቀረዋል። ከራሳቸው የደረቀ ቀለም የጣት ጥፍር የምታህል ሰጡኝ። በውኃ ስትፈታ ድቅድቅ ያለ ጥቁር ሆነች።

ለቀዩ ቀለም ብዙ አሰብኩ። በኛ መጻሕፍት ቀይ የሚጻፈው የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም ነው፤ የመጽሐፉ ባለቤትም ስም በቀይ ይገባል። የቆይታን ስም ቀይ ላድርገው ብዬ እጄን ሰነዘርኩና ተውኩት። እሷ በጥቁር ትጻፍ። በዚህ መጽሐፍ ቀይ የሚጻፈው የተበዳይ ስም ብቻ ይሁን።

መግቢያውን ገጽ ለመሪጌታ ወሰድኩላቸው። ሦስት መስመር ናት፦ «ቆይታ ምህረት አትሰጥም። ቀን ትሰጣለች። ቀሪው የሰው ነው።» ብራናውን ወደ ዓይናቸው አስጠጉትና ሁለተኛዋ ቃል ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

«ይኼ ማን ነው?»

«ሀ ነው፣ የኔታ።»

«ሃሌታው ሀ። ይኼ የመምህር ሀ ነው። በግእዝ በሃሌታው ሀ መሀረ ካልክ አስተማረ ነው። ይቅር አለ የምትለው በሐመሩ ሐ ነው። አንተ የጻፍከው ትምህርት አትሰጥም ነው።»

ስልኬ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው ልል ነበር፣ ዋጥኩት። ፊደሉን ብቻ እንዳታበላሽ ብለውኝ ነበር። ቢላ ሰጡኝና ፊደሏን ፋቅኳት። ብራና ይቅር ባይ ነው፣ ይፋቃል፣ ግን ጥላው ይቀራል። አሁን በሐመሩ ሐ ሥር የሃሌታው ሀ ቅርጽ ድብዝዝ ብሎ ይታያል። ስወጣ መሪጌታ ከኋላዬ እየሳቁ «ለነገሩ በአማርኛ ሁለቱም ‹ተማረ› ነው» አሉ።

የካቲት 4

እማዬ ብራናውን አገኘችው። ነነዌን እየጾመች ነው፣ ለጥያቄ ጊዜ ነበራት።

«ልጄ፣ ምን እያመለክህ ነው?»

አስረዳኋት። ተረት እንደሆነ፣ ከተማዋ እንደሌለች፣ አምላኳም እንደሌለች፣ አንድም የእመቤታችን ቃል እንዳልነካሁ። የከለከልኳቸውን ቃላት ዝርዝር ሳይቀር አሳየኋት። ዝርዝሩን ካየች በኋላ ትንሽ ረጋች። ቆዳው የማን እንደሆነ ጠየቀች። ከዚያ ቆይታ ምን እንደምታደርግ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

«ይቅር ሳትል ቀን ብቻ?»

«ቀን ብቻ።»

«ለነነዌስ መጀመሪያ የተሰጣት ምን መሰለህ?» አለችኝና ሽሮዋን ልታማስል ገባች።

ከበሯ ላይ ዞር ብላ፣ ጥላሸቱን የፋቅሁበት ምጣድ ከዚያ ወዲህ እንጀራ እያሳረረባት መሆኑን አከለች።

የካቲት 9፣ እሑድ ማታ

ሁለተኛው ሙከራ። ያንኑ ታሪክ ካቆመበት ቀጠልነው። ቀዛፊውን ባጃጅ ነጂው ሆነ፣ ራሱ ጠይቆ ነው። ነርሷ የሞተው ሰው እኅት። አዲሱን ሥርዓት ቀድሜ አልነገርኳቸውም።

ቀዛፊው ደጁን አንኳኳ። የካህኗን ድምፅ በዚህ ጊዜ አላወፈርኩም። «ቆይ» አልኩና ከትርፍራፊው ያስቀረሁትን፣ ጠጉሩ ያልተነሣውን ቁራጭ ከቢላው ጋር እጁ ላይ አስቀመጥኩ። መፋቅ ጀመረ። እውነት እውነት ፋቀው። ዳይስ የወረወርነው ቆዳው ተቀደደ አልተቀደደ ለማለት ብቻ ነበር። በአራተኛው ቀን ተቀደደ።

እኅትየው ሦስት ጊዜ መጣች። በመጀመሪያው ቀን ደጅ ቆማ ሄደች። በአምስተኛው ገብታ ተቀመጠች። በስምንተኛው «ቀዳዳውን በሌላ ክር ስፋው፣ ይኼ አይይዝም» አለችው። ነርስ መሆኗ አመለጣት መሰለኝ። የአክስቴ ልጅ እንኳ ጎራዴውን ረስቶ ዝም ብሎ ያያል።

በዘጠነኛው ቀን ብራናው አለቀ። እውነተኛውን ቅጠል፣ ያንን ዓይን የሚመስል ቀዳዳ ያለበትን፣ አወጣሁና ከብርዑ ጋር ሰጠኋት። ደንቡን ነገርኳት፦ ስሙ በቀይ፣ ከዚያ የፈለግሽውን፣ ወይም ምንም።

ብርዕ ይዛ ስለማታውቅ ቀስ ብላ ነው የጻፈችው። የወንድምየውን ስም በቀይ። ከሥሩ በጥቁር፣ ቀዳዳውን ዞራ፣ አንድ መስመር፦

«ወንድሜ ዋና ያውቅ ነበር።»

ብርዑን አስቀመጠች። ማንም አልተናገረም። ባጃጅ ነጂው ጣቱን ያቆሸሸውን ስብ በሱሪው ይጠርጋል። ቡናው ገንፍሎ ከሰሉ ጮኸ፣ የተነሣለት የለም።

በመጨረሻ የሕግ ተማሪዋ አላስቻላትም። «ቆይ እንጂ፣ ይኼ ማረችው ማለት ነው ወይስ አልማረችውም?»

ነርሷ ቀለሙ እንዲደርቅ እፍ እያለችበት ነበር። ቀና ሳትል «ቆይ» አለቻት።

የካቲት 11

ቀለሙ ደርቋል፣ ቅጠሉ በነጠላ ተጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ነው። የአክስቴ ልጅ ገጸ ባሕርዩ በሚቀጥለው እሑድ ሰው እንደሚገድልና እንደሚማጸን ከወዲሁ አስታውቋል። አሁን መሸሽን እንደ ጀብድ ይዞታል፣ እሱን ማስተካከል አለብኝ። ያለኝ ያልተጻፈበት ቅጠል ሁለት ብቻ ነው። ዐቢይ ጾም በሳምንቱ ይገባል፣ ከቅበላ ካልተገኘ እስከ ፋሲካ ሌላ ቆዳ የለም። ማሪቱን አሁኑኑ ልጠይቃት።